ሲዲ ፎር፦ ከወረቀቱ ቁጥር ጀርባ ያለው ዘረ መል



ከወራት በፊት ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ወንድም ወደ ጥግ ወስዶ ከኪሱ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ። ሁለቱም የላቦራቶሪ ውጤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ላይ «ሲዲ ፎር 468»፣ ከስድስት ወር በኋላ የተሠራው ላይ ደግሞ «ሲዲ ፎር 412» ይላል። ሁለቱንም ምርመራ ያስደረገው ሐኪም አዝዞለት ሳይሆን ልቡ ስላላረፈ በራሱ ገንዘብ ነው። «ክኒኑን ሳላዛንፍ እየዋጥኩ ቁጥሩ ለምን ወረደ? መድኃኒቱ ከዳኝ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጨዋታችን ሲገፋ ግን የባሰ ነገር ወጣ። ሰው መክሮት ከሳምንት ወዲህ ክኒኑን ትቶ በጥቁር አዝሙድና በማር ብቻ ነበር።

እዚያው ቆመን የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፤ ዛሬ ማታ ክኒኑን እንዲጀምር፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወደሚከታተልበት ጤና ጣቢያ ሄዶ የሆነውን ሳይደብቅ እንዲናገር። ጥያቄው ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ያስቀመጡ፣ ለማንም ሳያሳዩ ቁጥሩን ብቻ እያዩ የሚደሰቱና የሚጨነቁ ብዙ ወገኖች አሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ይህ ሲዲ ፎር የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምረን እንመለከታለን። የወንድማችንን ታሪክ የጻፍነው በፈቃዱ ሲሆን ስሙንና ሰፈሩን ትተናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አራት ቁጥር ከየት መጣች?

አንዳንዱ ሰው «ፎር» የሚለውን ሲሰማ የበሽታው አራተኛ ደረጃ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በነጭ የደም ሴሎች ገጽ ላይ የተተከሉትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ እየለዩ ነበር። ችግሩ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የራሱን ስም ማውጣቱ ነው፤ አንዱን ፕሮቲን አንዱ እንዲህ ሲለው ሌላው እንዲያ ይለዋል። በ1982 ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ፕሮቲኖቹን በተራ ቁጥር ለመጥራት ተስማሙ። ከዚያ በፊት ቲ ፎር ይባል የነበረው ሲዲ ፎር ሆነ። ስለዚህ አራት ማለት ተራ ቁጥር እንጂ ደረጃም ምልክትም አይደለም። ሲዲ ስሪ አለ፣ ሲዲ ኤይት አለ፣ ዝርዝሩም ዛሬ ከሦስት መቶ አልፏል።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ሲዲ ፎር ቫይረሱ ያመጣው ነገር አይደለም። እርስዎም፣ ልጅዎም፣ ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም ሰው ሁሉ አለው። በሰው ልጅ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች ውስጥ በ12ኛው አጭር ክንድ ላይ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረ መል ተቀምጧል። ዘረ መሉ በጉበትም በቆዳም ሴል ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ገልጠው የሚያነቡት ጥቂት የሴል ዓይነቶች ብቻ ናቸው። ዋነኞቹ ረዳት ቲ ሴሎች ይባላሉ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ጀርም ዋጭ ሴሎችም በአነስተኛ መጠን አላቸው።

ዘረ መሉ ሲነበብ መጀመሪያ 458 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ 25 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለቱ ወዴት እንደሚላክ የሚናገሩ አድራሻ ናቸው፤ ፕሮቲኑ መንገዱን ከያዘ በኋላ ተቆርጠው ይጣላሉ። የሚቀሩት 433 ናቸው። እነዚህ አሚኖ አሲዶች ከምስሩ፣ ከሽሮው፣ ከእንቁላሉና ከሥጋው የምናገኛቸው ናቸው። ጉዳዩ ወደ ምግብ ዓምድ የመጣው በዚህም በኩል ነው።

የፕሮቲኑን ቅርጽ ለማሰብ ሙስበሃን ያስቡ። ከሴሉ ውጭ አራት ፍሬዎች በአንድ ክር ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ክሩ የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ ይገባና በውስጥ በኩል አጭር ጅራት ይተዋል። ጅራቱ ኤል ሲ ኬ ከተባለ ኢንዛይም ጋር የተያያዘ ነው፤ ውጭ የተነካውን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው እርሱ ነው።

ጥሩንባ ነፊው

ረዳት ቲ ሴል ራሱ ጀርም አሳድዶ ዋና ገዳይ አይደለም። ሥራው እንደ ዕድር ወይም እንደ ወሎዎቹ ቅሬ ጥሩንባ ነፊ ነው። ጥሩንባ ነፊው መቃብር አይቆፍርም፣ ድንኳን አይተክልም። እርሱ ካልነፋ ግን ቆፋሪውም ድንኳን ተካዩም ከቤቱ አይወጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀርም ዋጭ የሆነው ሴል አንድ ባክቴሪያ ዋጠ እንበል። ፈጭቶ ከቁራጮቹ አንዱን በራሱ ገጽ ላይ፣ ልክ በሰሃን እንደሚቀርብ ነገር፣ ወደ ውጭ ያሳያል። ረዳት ቲ ሴሉ መጥቶ ቁራጩን በመለያው ይመረምራል። በዚህ ጊዜ ሲዲ ፎር የሰሃኑን ጎን ይይዛል። ሁለቱ ሴሎች እንዲጣበቁ ያግዛል፤ በጅራቱ በኩልም «ይህ ጠላት ነው» የሚለውን መልእክት ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ረዳቱ ሴል ጥሩንባውን ይነፋል። አንዳንዶቹ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራሉ፣ ገዳይ ሴሎች ይበረታሉ፣ ማክሮፌጆችም የዋጡትን የቲቢ ባክቴሪያ አጥብቀው እንዲይዙ ይታዘዛሉ። ረዳት ሴሎቹ ሲመናመኑ ሳንባ ነቀርሳ ቀድሞ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው ለዓመታት በሳንባ ውስጥ ታስሮ ይቆይና ጠባቂው አዛዥ ሲያጣ ያመልጣል።

ሌባው የመረጠው በር

በ1984 በለንደንና በፓሪስ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ኤች አይ ቪ ወደ ሴል የሚገባው ሲዲ ፎርን ይዞ መሆኑን አሳዩ። በ1985 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ አክሰል ላቦራቶሪ ዘረ መሉ ተለይቶ ወጣ። በተከታዩ ዓመት ይህንኑ ዘረ መል ሲዲ ፎር በሌላቸው የሰው ሴሎች ውስጥ ከተቱት፤ ቀድሞ የማይደፈሩት ሴሎች ለቫይረሱ ተከፈቱ። ወደ አይጥ ሴሎች ሲከቱት ግን ቫይረሱ መጥቶ ተለጠፈ እንጂ አልገባም።

ይህ የአይጥ ነገር ተመራማሪዎችን አሥር ዓመት አሠራቸው። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ግን የታለ? በ1996 ተገኘ። ሲ ሲ አር ፋይቭ እና ሲ ኤክስ ሲ አር ፎር የሚባሉ ሌሎች ሁለት የሴል ገጽ ፕሮቲኖች ናቸው። ቫይረሱ ከሙስበሃው የመጀመሪያዋን ፍሬ ይጨብጣል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ከዚያ ከሁለቱ በአንዱ ተደግፎ ይገባል። ከገባ በኋላ የራሱን መመሪያ ከሴሉ ዘረ መሎች መሐል ስለሚሰካ ሴሉ ቫይረስ ማምረቻ ይሆናል። የተንኮሉ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ የመረጠው ተራውን ዘበኛ ሳይሆን ጥሩንባ ነፊውን ነው።

«ታዲያ ይህ ፕሮቲን ቢጠፋስ?» የሚል ይኖራል። ሲዲ ፎር ከጠፋ ረዳት ሴሎቹ ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም፤ ስለዚህ እርሱን ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። ሲ ሲ አር ፋይቭን ግን ሰው ሳይኖረውም ይኖራል። ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ከመቶ አንዱ ገደማ ከእናትም ከአባትም የወረሰው የዚህ ዘረ መል ቅጂ 32 ፊደሎች የጎደሉት ስለሆነ አብዛኛው የቫይረሱ ዓይነት አይገባበትም። በእኛ በአፍሪካውያን ዘንድ ይህ ጉድለት የለም ለማለት ይቻላል። በ2007 በርሊን ውስጥ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ ቫይረሱም የደም ካንሰርም የነበረበት አሜሪካዊ ይህ ጉድለት ካለው ለጋሽ የደም እናት ሴሎች ተሰጡት፤ በ2008 ተደገመለት። ቫይረሱ አልተመለሰም። ሰውየው በ2020 ያረፈው ካንሰሩ አገርሽቶበት ነው።

ይህን ታሪክ ይዘው «ኤች አይ ቪ መዳኛ ተገኘ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ስላሉ እንጠንቀቅ። ይህ ሕክምና ካንሰር ላለበትና ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው ብቻ የሚደረግ፣ ራሱም ሊገድል የሚችል ከባድ ሕክምና ነው። በቀን አንድ ክኒን ውጦ ዕድሜ ልክ መኖር ለሚችል ሰው ማንም ሐኪም አያዝዘውም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ያሉትን ሲዲ ፎር የተሸከሙ ቲ ሴሎች ብዛት ይነግረናል። መጠኑ ከአንድ ጠብታም እጅግ ያነሰ ነው። በመጻሕፍት ላይ ጤነኛ አዋቂ ከ500 እስከ 1500 እንዳለው ተጽፏል። ይህ ልኬት ግን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ነው። ከ1994 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ይሠራ የነበረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ ሠራተኞች ላይ ለዓመታት ክትትል አድርጎ ነበር። በ1999 በወጣ ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን በአማካይ 775፣ ሆላንዳውያን ደግሞ 993 ሆነው ተገኙ። ጤነኛው ኢትዮጵያዊም ከፈረንጁ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሰንጠረዥ ፊት ለፊት ዘርግቶ ራስን ከእርሱ ማወዳደር ለከንቱ ጭንቀት ይዳርጋል።

ከዚህም ሌላ ቁጥሩ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል። ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ይላል። ጉንፋን ያወርደዋል፤ ሳንባ ነቀርሳ ያወርደዋል። ነፍሰ ጡር እናት የደሟ ፈሳሽ ስለሚጨምር ቁጥሩ ቀጥኖ ይታያል። ሕፃናት ደግሞ በተፈጥሯቸው ከአዋቂ በጣም የበዛ ስላላቸው ከአምስት ዓመት በታች የሚታየው በመቶኛ ነው። የወንድማችን ከ468 ወደ 412 መውረድ 12 በመቶ ነው። ይህ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በመለካት ብቻ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ሐኪም የሚያሳስበው ቁጥሩ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወርድ፣ በተደጋጋሚ ልኬትም ያው ሆኖ ሲገኝ ነው።

ሰውየው ቀድሞ የሰማውም አልጠፋበትም። «ድሮ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው መድኃኒት አይጀምርም ነበር፤ እኔም ባርፍ ምን አለበት?» አለኝ። ድሮ እውነት ነበር። በአገራችን ነፃው መድኃኒት በ2005 ሲጀመር ወረፋው ለብዙዎች ከ200 በታች ለወረዱት ነበር። በኋላ 350 ሆነ፣ ከዚያ 500። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ምንም ይሁን ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር አለ። አገራችንም በ2016 ይህንኑ ተቀበለች። እንዲህ የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ስማርት በተባለው ትልቅ ጥናት 5,472 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ወሰዱ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሲዲ ፎራቸው ከ350 ሲያልፍ እያቆሙ ከ250 ሲወርድ እየጀመሩ ቆዩ። በ2006 ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ እያቋረጡ የወሰዱት ለከባድ ተጓዳኝ በሽታ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 2.6 እጥፍ ሆኖ ነበርና። «ቁጥሬ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልረፍ» ማለት በሰው ሕይወት ተሞክሮ የወደቀ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ሲዲ ፎር ዛሬ ምን ይጠቅማል? ሕክምና ሲጀመርና ሰው አቋርጦ ሲመለስ፣ ወይም ሲታመም፣ ከ200 በታች መሆን አለመሆኑን ለማወቅ። ከ200 በታች ከሆነ ሐኪሙ ሌሎች መከላከያ መድኃኒቶችን ይጨምራል፤ ለአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽንና ለቲቢም ይመረምራል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚናገረው ግን ሌላ ምርመራ ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት የሚለካው፣ ብዙ ሰው ቫይራል ሎድ የሚለው። ወንድማችን ገንዘቡን ያወጣበት ምርመራ ለጥያቄው መልስ መስጠት የሚችለው አልነበረም።

ለባለትዳሮችም ይኸው ምርመራ ትልቅ ነገር ይዟል። በ2016 ከ14 የአውሮፓ አገሮች የቀረበ ጥናት አንደኛው ወገን ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላኛው ነፃ የሆነ 888 ጥንዶችን ተከታትሏል፤ 548ቱ ወንድና ሴት ናቸው። ቫይረሱ ያለበት ወገን በመድኃኒት የቫይረሱን መጠን ዝቅ አድርጎ በቆየባቸው ጊዜያት፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት እያደረጉ፣ አንድም የትዳር አጋር ከአጋሩ አልተያዘም። ኒካሕ ለማሰር ምርመራ አድርገው ውጤቱ የተለያየባቸው ወጣቶች ሲመጡ ይህን ሳያውቁ ተስፋ ቆርጠው እንዳይበተኑ፣ ሽማግሌዎችና ኢማሞችም ቢያውቁት መልካም ነው።

ምግቡስ?

ሲዲ ፎርን እንደ መድኃኒቱ የሚያወጣ ምግብ የለም። ጥቁር አዝሙድና ማር በዲናችን ያላቸው ቦታ ይታወቃል፤ ከምግብ ጋር መውሰድን የሚከለክል የለም። ክኒኑን ትቶ በእነርሱ መተካት ግን ሌላ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። ዱዓውም ሩቃውም ከክኒኑ ጋር ይሄዳሉ፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ቫይረሱ ያለበትና ምልክት ያላሳየ አዋቂ ከሌላው ሰው 10 በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ሲታመም ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት ውድ ነገር መግዛት ማለት አይደለም። በቀን አንድ ተጨማሪ መክሰስ፣ ሽሮው ላይ ትንሽ ዘይት፣ እንጀራው በምስር፣ ሲገኝ እንቁላል። ከ200 በታች ለወረደ ሰው ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ይቅር። በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለችው ቶክሶፕላዝማ የምትባል ጥገኛ ጀርም በጤነኛ ሰው ላይ ዝም ብላ ትተኛለች፤ ጥሩንባ ነፊው በሌለበት ግን አንጎል ላይ ትነሳለች። ወተትም ይፍላ።

አሁን በብዛት የሚሰጠው ክኒን ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ከብረትና ከካልሲየም እንክብል እንዲሁም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ይጣላል፤ አንጀት ውስጥ ያስሩታልና ወደ ደም አይገባም። ለነፍሰ ጡሮች የብረት እንክብል ስለሚሰጥ እናቶች ልብ ይበሉ። ብረቱንና ካልሲየሙን ከክኒኑ ጋር አንድ ላይ መውሰድ የሚቻለው ከምግብ ጋር ከሆነ ብቻ ነው፤ ያለ ምግብ ከሆነ ክኒኑ ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። የጨጓራው ማስታገሻ ግን ከምግብ ጋር ቢሆንም አይፈቀድም፤ ሁልጊዜ የ2 እና የ6 ሰዓቱ ልዩነት ይጠበቅ። ይህ በረመዷን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳው በዝቶ ቃር ሲነሳ ማስታገሻውን ከክኒኑ ጋር የሚጎርስ ሰው ስላለ።

ስለ ጾሙ ከጠየቃችሁን፣ በቀን አንዴ የሚወሰደው ክኒን ከኢፍጣር በኋላ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ሊወሰድ ስለሚችል፣ ደኅና የሆነ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ጾሙን ከክኒኑ ጋር ማስኬድ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን አብሮ የሚወስድ ሰው ግን ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ ይሆንበታል፤ ሕክምናውም ሰውነትን ያዳክማል። የእርሱ ጉዳይ ከረመዷን በፊት ከሐኪምና ከዓሊም ጋር መታየት አለበት፤ ለበሽተኛ የተሰጠው ሩኽሳ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነውና።

ወንድማችን ሰኞ ሄዶ ነበር። ነርሷ አልተቆጣችውም፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ ሦስት ወር እንዲቆይና የቫይረሱ መጠን እንዲለካ ቀጠሮ ሰጠችው። ባለፈው ጁሙዓ ሦስተኛ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ቫይረሱ በመሣሪያው ሊታይ አልቻለም ይላል። ሲዲ ፎርስ ስንት ሆነ ብዬ ስጠይቀው «አላስለካሁትም፤ አያስፈልግህም አሉኝ» አለና ሁለቱን የድሮ ወረቀቶች እዚያው ቀዶ ጣላቸው።